ሽፍታው የት ነው የተቀመጠው? ስለ ሽፎን ቀሚስ፣ ስለ ታይትና ስለ ቆዳችን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 27 ነው፤ ጎንደር አራዳ ልብስ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ለጥምቀት ጥቁር ሰማያዊ የሽፎን ቀሚስ አሰፍቼ ነበር፤ ገበሩም እንደዚያው ጥቁር ሰማያዊ ነው። ለብሼው በዋልኩ በሁለተኛው ቀን ብብቴ አካባቢና የክንዴ መታጠፊያ ላይ ሽፍ አለብኝ፣ አሳከከኝ። ጠፍቶልኝ ለጓደኛዬ ሠርግ ደግሜ ስለብሰው በማግስቱ ከበፊቱ ብሶ ወጣ። ሥራ ላይ ደግሞ ዘወትር ታይት ነው የምለብሰው፤ በጭኔ የውስጥ በኩል፣ ከብሽሽቴ ዝቅ ብሎ ክብ ክብ ነገር ወጥቶብኛል። ከመድኃኒት ቤት የሰጡኝን ቅባት ስቀባ ሁለቱም ይተዉኛል፣ ሳቆም ይመለሳሉ፤ የጭኔ እንዲያውም እየሰፋ ነው። እናቴ «ናይለን ነው የፈጀሽ፣ ጥጥ ልበሺ» ትላለች። የሥራ ባልደረባዬ ፖሊስተር ካንሰር ያመጣል ብላ አስፈራርታኛለች። ለጥምቀት ፀጉሬን ጥቁር ቀለም ስቀባም ግንባሬን አሳክኮኝ ነበር፤ ይገናኝ ይሆን? ሰው ሠራሽ ልብስ ጨርሼ ልተው?

ምላሽ፦

እኅቴ፣ የፀጉር ቀለሙን ነገር እግረ መንገድሽን ነው ጣል ያደረግሽው፤ እኔን ግን መጀመሪያ የያዘኝ እሱ ነው። አዎ፣ ሊገናኝ ይችላል፤ እንዴት እንደሆነ እመለስበታለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ የጠየቅሽኝ መስሎሻል እንጂ ሁለት በሽታ ነው የነገርሽኝ። የብብትሽና የጭንሽ ዘመድ አይደሉም። አንዱ ቅባት ሁለቱንም ለጊዜው ዝም ስላሰኛቸው ነው አንድ የመሰሉሽ። የላይኛው ከልብሱ ቀለም የመጣ አለርጂ ይመስላል፤ የታችኛው ደግሞ ጭርት፣ ማለትም ፈንገስ ይመስላል። ቆዳሽን ሳላይ ይኸው ነው ብዬ አልምልም፤ አንቺ ግን አሳምረሽ ስለጻፍሽው ግማሹን መንገድ አስኬደሽኛል።

በእኛ አገር ሽፍታ ሲባል ሁለት ነው፤ ጫካ የገባውና ቆዳ ላይ የወጣው። ትምህርት ላይ ሳለሁ ይህን እንደ ቀልድ ነበር የማየው፣ አሁን ግን ተማሪዎቼን የማስተምርበት ሆኗል። የቋራው ካሳ ሲሸፍት ቆላውን የመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የቆዳው ሽፍታም ቦታ ሳይመርጥ አይቀመጥም። ስለዚህ ምን ይመስላል ከማለቴ በፊት የት ነው የተቀመጠው እላለሁ።

አሁን እጅሽን አንሥተሽ መስታወት ፊት ቁሚ። ብብት መሐሉ ጉድጓድ ነው፤ ጉድጓዱን ከፊትና ከኋላ የሚያጥሩት ሁለት እጥፋቶች አሉ። ሽፍታው እጥፋቶቹ ላይ ተደርድሮ ጉድጓዱን ንጹሕ ከተወው ተጠርጣሪው ልብስ ነው፤ ጨርቅ የሚያጠብቀውና የሚፈትገው እጥፋቱን ነው፣ ጉድጓዱ ውስጥ ብዙም አይደርስም። መሐል ጉድጓዱ ላይ ከሆነ ግን ቀሚሱን ተዪና የምትቀቢውን ዲዮድራንት ያዢ። አንቺ «ብብቴ አካባቢ» ነው ያልሽው፣ «ብብቴ ውስጥ» አላልሽም። የክንድ መታጠፊያሽንም ጨምረሻል፤ እዚያ ዲዮድራንት የሚቀባ ሰው አላውቅም። እጅጌው ጠባብ፣ ገበሩም እስከ ክንድ የወረደ ቀሚስ ይመስለኛል። ጎንሽን፣ ወገብሽ ላይ ቀሚሱ የሚያጠብቅበትን፣ የአንገትሽንም ዙሪያ እይ። እዚያም ካለ ነገሩ ይበልጥ ወደ ጨርቁ ያጋድላል።

ስታዪ ቀይ ነገር አትፈልጊ። የፈረንጅ መጻሕፍት «ቀይ ሽፍታ» ይላሉ፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ብዙ ጊዜ አይታይም። ጠቆር ያለ፣ ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ግራጫ የሚያደላ፣ ሲዳሰስ የሚሻክር ሆኖ ነው የሚመጣው። ዐይንሽን ጨፍነሽ በጣትሽ ጫፍ ዳብሺው፤ ከዐይን ይልቅ ጣት ይነግርሻል። ሲድንም ጥቁረት ትቶ ይሄዳል፣ ጥቁረቱ ወራት ሊቆይ ይችላል። «አልዳነልኝም» እያሉ ቅባት የሚጨምሩ ሰዎች በየሳምንቱ ይመጡብኛል፤ ማሳከኩ ከተወና ቆዳው ከለሰለሰ ግን ድኗል፣ የቀረው ቀለም ብቻ ነው። በሎሚና በማንጫ ክሬም ላስለቅቀው ያለ ሰው አዲስ በሽታ ጨምሮበት ነው የሚመጣው።

ወደ ጨርቁ እንሂድ። ሽፎን የጨርቅ አሠራር ስም ነው እንጂ የክር ስም አይደለም። ዱሮ ከሐር ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ገበያ ላይ የምታገኚው በአብዛኛው ፖሊስተር ነው። ፖሊስተርን እ.ኤ.አ. በ1941 ዊንፊልድና ዲክሰን የተባሉ ሁለት የብሪታንያ ኬሚስቶች ናቸው ያወጡት፤ ከነዳጅ ዘይት የሚገኝ ፕላስቲክ ነው፤ የታሸገ ውኃ የምንጠጣበት ጠርሙስም ከዚሁ ቁስ ነው የሚሠራው። ጠርሙስ ይዞ እጁን ያሳከከው ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ክሩ ራሱ አለርጂ የሚያስነሣው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ጣጣው ያለው ክሩ ላይ በተጫነው ነገር ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በቀለሙ።

ጥጥ በዘመናዊ ፋብሪካ ሲነከር ብዙ ጊዜ ቀለሙ ከክሩ ጋር በኬሚካል ይጋባል፤ በቀላሉ አይላቀቁም። ፖሊስተር ግን ውኃ የማይወድ ጨርቅ ስለሆነ በውኃ የሚሟሟ ቀለም አይቀበልም። ለእሱ ዲስፐርስ የሚባሉ ቀለሞች አሉ፤ እንደ ደቃቅ ዱቄት ውኃው ውስጥ ተበትነው በ130 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ክሩ ውስጥ እንዲሰርጉ ይደረጋል። ተጋብተው ሳይሆን ተጠግተው ነው የሚኖሩት። ፋብሪካው ጥቁር እንዲደምቅለት አብዝቶ ከነከረና በወጉ ካላጠበው ትርፉ ክሩ ላይ ይቀራል፤ ላብና ፍትጊያ ሲያገኝ ይለቅና ወደ ቆዳ ይሻገራል። ሞለኪውሎቹ ትንንሽና ቅባት ወዳድ ስለሆኑ ቆዳችን በሩን አይዘጋባቸውም። ከእነዚህ ሁሉ ስማቸው በክፉ የሚነሣው ዲስፐርስ ብሉ 106 እና ዲስፐርስ ብሉ 124 ናቸው። ስማቸው ሰማያዊ ይበል እንጂ ጥቁር፣ ቡናማ፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ለማውጣትም ከሌላ ቀለም ጋር ይደባለቃሉ። የአንቺ ቀሚስ ጥቁር ሰማያዊ፣ ገበሩም ጥቁር ሰማያዊ፣ እጅጌውም ጠባብ፣ ቀኑም ጥምቀት! ከፋሲል ግቢ እስከ ጥምቀተ ባሕሩ ታቦት ተከትሎ፣ ጨፍሮ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ የዋለ ሰው ላብ ምን ያህል እንደሆነ ለጎንደሬ አልነግርም።

የመዘግየቱም ነገር ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ጨርቅ ፈትጎ የሚያቆስለው ወይም ላብ ተጠራቅሞ የሚያሳክከው እዚያው በለበስሽበት ሰዓት ይሰማሻል፣ አውልቀሽ ስትታጠቢ ይቀልሻል። አለርጂ ግን እንደዚያ አይደለም። የሰውነት መከላከያችን አንድን ኬሚካል «ጠላቴ ነው» ብሎ ከመዘገበው በኋላ፣ በሌላ ጊዜ ሲያገኘው ጦሩን አሰባስቦ እስኪመጣ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይወስድበታል። የመጀመሪያው በሁለተኛው ቀን፣ ቀጣዩ በማግስቱ፣ ያውም ከበፊቱ ብሶ መውጣቱ የአለርጂ አካሄድ ነው። ደግሞም ምዝገባው ራሱ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፤ አዲስ ቀሚስ በለበስሽ በሁለተኛው ቀን ሽፍ ያለብሽ ከሆነ ሰውነትሽ ይህን ቀለም ወይም ወንድሙን ከዚህ ቀደም ያውቀው ነበር ማለት ነው።

ወንድሙ ማን ይሆን? የፀጉር ቀለሙ ነው። ፀጉር ጥቁር የሚያደርጉት አብዛኞቹ ቀለሞች ውስጥ ፓራፌኒሌንዲያሚን የሚባል ኬሚካል አለ፤ ከአንዳንዶቹ የልብስ ዲስፐርስ ቀለሞች ጋር በመልክ ስለሚቀራረብ መከላከያችን ለይቶ አያያቸውም። «ጥቁር ሂና» እየተባለ እጅ ላይ የሚሳለውም ብዙ ጊዜ ይኸው ኬሚካል ተጨምሮበት ነው የሚጠቁረው፤ እናቶቻችን ሲሞቁት የኖሩት እንሶስላ ውስጥ ግን ይህ የለም። አሁን የምነግርሽ ከቀሚሱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ነው፦ የፀጉር ቀለሙን አትድገሚው። በዚህኛው ግንባርሽን አሳክኮሽ አልፏል፤ በሚቀጥለው ዐይንሽ እስኪደፈን ፊትሽ ሊያብጥ ይችላል። ለበዓል ዋዜማ ተቀብተው በበዓሉ ማግስት ፊታቸው አብጦ፣ ፀጉር አጣቢዋን ሲረግሙ የመጡ አይቻለሁ። የእሷ ጥፋት አልነበረም።

እናትሽ ግማሽ እውነት ተናግረዋል። ግማሹ እውነት ውኃ ነው። 100 ግራም ጥጥ እንዲሁ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ከአየሩ ወደ 8 ግራም የሚጠጋ ውኃ ይይዛል፤ ብትነኪው ደረቅ ነው። ፖሊስተር ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። ናይለን 4 ግራም ያህል፣ ሱፍ ከ13 እስከ 16 ግራም ይይዛል፤ ደባርቅ ላይ በርኖስ ደርቦ የሚሄደው ሰው ካፊያው ቶሎ የማይሰማው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ፖሊስተር ላብሽን ስለማይጠጣው ቆዳሽ ላይ ይቀመጣል። ቆዳ እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ይለሰልሳል፣ የለሰለሰ ቆዳ ቶሎ ይላጣል፣ የላብ መውጫውም ይደፈንና እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቀ፣ የሚለበልብ ሽፍታ ይወጣል። ሞቅ ባለ ቀን በብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ የሚጠቀለሉ ሕፃናት አንገትና ጀርባ ላይ የምታዪው ይህ ነው፤ መድኃኒቱ መግለጥ ብቻ ነው።

ሽታውም ከዚሁ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 ቤልጂየም ውስጥ ጌንት ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተመራማሪዎች 26 ጤነኛ ሰዎችን ብስክሌት አስነድተው፣ ያላባቸውን ካናቴራዎች አቆይተው አሸተቱ። የፖሊስተሩ ከጥጡ የባሰ ሆኖ ተገኘ፤ ማይክሮኮከስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ፖሊስተር ላይ ይበልጥ ይራባሉ። ማሊያህን አጥበህ እንደገና ከለበስከው ከአምስት ደቂቃ በኋላ የትናንቱ ሽታ ብቅ የሚለው ለምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ የወንድሜ ልጅ እዚህ ላይ መልሱን ያንብብ።

ግማሹ ደግሞ ልክ አይደለም። «ጥጥ» የሚል ሁሉ ቆዳ ወዳጅ አይደለም። የማይጨማደድ፣ ካውያ የማይፈልግ ተብሎ የሚሸጥ የጥጥ ወይም የድብልቅ ሸሚዝ ብዙ ጊዜ ፎርማልዴሃይድ የሚባል ኬሚካል በሚለቅ ሙጫ የተያዘ ነው፤ እሱም አለርጂ ያስነሣል። የአውሮፓ ኅብረት ከኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቆዳ በሚነካ ልብስ ላይ በኪሎ ከ75 ሚሊግራም በላይ እንዳይገኝ ከልክሏል። ወደ ቅዳሜ ገበያ የሚመጣውን ሸሚዝ ማን ለክቶት እንደመጣ አንቺም እኔም ልናውቅ አንችልም፤ ደግነቱ ፎርማልዴሃይድ ውኃ ስለሚወድ፣ አዲስ ልብስ ሳይለበስ መታጠቡ ብዙውን ይቀንሰዋል። ቦንዳ ልብስ በዚህ በኩል ይሻላል ብል ትስቂ ይሆናል፤ አንድ ሰው ሌላ አገር ሃያ ጊዜ አጥቦልሻላ። (አንቺም ገዝተሽ እጠቢው፣ ሌላ ምክንያት አለው።)

ከዚህም ሌላ «ሰው ሠራሽ» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። ቪስኮስ ወይም ራዮን የሚባለው፣ እንደ ሐር ሸርተት የሚለው ጨርቅ ፋብሪካ የወለደው ነው፤ ሥሩ ግን እንጨት ነው፣ ውኃ በመያዝም ከጥጥ ይበልጣል። እናትሽ ቢነኩት «ይኸው ናይለን» ይላሉ፤ ቆዳሽ ግን እንደ ጥጥ ነው የሚቀበለው። ሱፍም ተፈጥሮ ነው፤ ነገር ግን ሸካራው ሱፍ ችፌ ያለበትን ልጅ ከፖሊስተር ይልቅ ያሳክከዋል፣ ወፍራም ክሩ ቆዳን እንደ እሾህ ስለሚወጋ። ስለዚህ ጥጥ ወይስ ናይለን ከማለት ጠባብ ነው ወይስ ሰፊ፣ ጠቋራ ነው ወይስ ነጣ ያለ፣ ታጥቧል ወይስ አልታጠበም ብትዪ ይበልጥ ትጠቀሚያለሽ። በመስከረምና በጥቅምት ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ወርደው የሚመለሱ ልጆች ጀርባቸው ላይ የፀጉር ሥር ብግነት ይዘው ይመጣሉ፤ «ማሊያው ነው» ይሉኛል። ማሊያው ብቻ አይደለም። በዚያ ሙቀት በላብ የራሰ ወፍራም የጥጥ ካናቴራም ቀኑን ሙሉ አይደርቅም፣ ከብዶ ይለጠፋል፣ ብብትና ጡት ጫፍ ላይ ይልጣል። ለእነሱ ሰፋ ያለ፣ ቀለሙ ነጣ ያለ፣ ስስ ልብስ ነው የምመክረው፤ ቅይጥ ቢሆንም አልጣላም። ዋናው ማታ አውልቆ መታጠብና ያንኑ ልብስ ሳይታጠብ ለነገ አለመልበስ ነው።

አሁን ወደ ጭንሽ። «ክብ ክብ»፣ «እየሰፋ»፣ «ስቀባው ይተወኛል ሳቆም ይመለሳል» ብለሻል፤ እነዚህ ሦስት ቃላት ጭርትን አስጠሩብኝ። ጭርት የሚበላው የቆዳን የላይኛውን ሽፋን ነው፤ ጨለማ፣ ሙቀትና እርጥበት ይፈልጋል። ታይት ፈንገሱን አላመጣውም፣ ቤት ግን ሠርቶለታል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ለብሰሽ ማታ አንድ ሰዓት የምታወልቂው፣ ውኃ የማይጠጣ፣ ከቆዳ ጋር የተጣበቀ ጨርቅ፣ እሱ ላይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ መቆምና መቀመጥ ሲጨመር ፈንገስ ከዚህ የተሻለ ቤት አያገኝም።

ቅባቱን በስሙ አልጻፍሽልኝም፤ ነገር ግን ሁለቱንም ዝም ካሰኛቸው ስቴሮይድ ያለበት ነው። ቱቦውን አንሺና አንብቢ፦ ቤታሜታዞን፣ ክሎቤታሶል የሚል ካለ እሱ ነው። ብዙዎቹ ሦስት በአንድ ናቸው፤ ስቴሮይድ፣ ፀረ ፈንገስና ፀረ ባክቴሪያ ተቀላቅሎባቸው ይሸጣሉ። ስቴሮይድ እሳቱን ያጠፋል፣ ማሳከኩን ያቆማል፣ ነገር ግን መከላከያሽንም አብሮ ያስተኛል፤ ፈንገሱ በሰላም ይሰፋል። ጠርዙ ይጠፋና ጭርት የማይመስል ጭርት ይሆናል፤ የለመደ ዐይን ሳይቀር ያታልላል። ብሽሽት አካባቢ ቆዳ ስስ ስለሆነ ረዘም ላለ ጊዜ ሲቀቡት በእርግዝና ጊዜ ሆድ ላይ እንደሚወጣው ያለ የማይጠፋ ሰንበር ይተዋል። የመድኃኒት ቤቱን ሰው አልወቅስም፤ ተሰልፎ ለሚጠብቅ ሰው ቶሎ የሚያሽለውን መስጠት ሁላችንም የምንወድቅበት ፈተና ነው። ጭንሽ ላይ ግን ይህን ቅባት ከዛሬ ጀምሮ አቁሚ። በመጀመሪያው ሳምንት ይብስብሻል፤ አትደንግጪ፣ መልኩን ማሳየቱ ነው። ሁለት ሳምንት ያህል ምንም ሳትቀቢ ብትመጪ፣ ከጠርዙ ላይ ቅርፊቱን ፋቅ አድርገን፣ የኬሚካል ጠብታ ጨምረን በማይክሮስኮፕ እናየዋለን፤ ፈንገሱ እንደ ሣር ሥር ተዘርግቶ ይታያል። ሕክምናው ከዚያ በኋላ ከባድ አይደለም፤ ቴርቢናፊን ወይም ክሎትሪማዞል ክሬም ብቻውን፣ ከጠርዙ ሁለት ጣት ያህል አልፎ ተቀብቶ፣ ከጠፋም በኋላ አንድ ሁለት ሳምንት ተጨምሮበት ይድናል።

እግርሽንም እይ። በጣቶችሽ መሐል የነጣ፣ የተላጠ፣ የሚሸት ነገር ካለ የጭኑ ምንጭ እሱ ሊሆን ይችላል፤ ፓንት ስትለብሺ በእግርሽ አልፎ ነው የሚወጣው። እሱም እስኪታከም ድረስ ካልሲሽን ከፓንትሽ በፊት ልበሺ። ያስቃል፣ ግን ይሠራል።

ፓንት ካነሣሁ አይቀር በረኪና አለ። ነጭ የውስጥ ልብስ በበረኪና የመዘፍዘፍ ልማድ ብዙ ቤት አለ። ወገብ ላይ ያለው ላስቲክ ውስጥ ጎማው እንዲጠነክር የሚጨመሩ ኬሚካሎች አሉ፤ ከእነሱ አንዱ በረኪና ሲያገኘው ወደ ሌላ፣ ቆዳን ወደሚያስቆጣ ነገር ይለወጣል። ወገባቸው ላይ ቀበቶ የመሰለ ሽፍታ ይዘው የመጡ ሰዎችን መጀመሪያ የምጠይቃቸው «ማነው የሚያጥብልህ? በምን?» ብዬ ነው። ከእምብርት ዝቅ ብሎ የብር ሳንቲም የሚያህል ክብ ብቻ ከሆነ ደግሞ የጂንስ ቁልፍ ነው፣ ኒኬል። እንዳልኩሽ፣ ቦታው ይናገራል።

ስለ ካንሰሩ፦ ፖሊስተር በመልበስ የቆዳ ካንሰር ይይዛል የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። እንዲያውም በአንድ በኩል የተገላቢጦሽ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ይበልጣል፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፀሐይ የሚመጣው፣ የቆዳ ካንሰር የሚያመጣው አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስስ ነጭ የጥጥ ካናቴራ ከዚህ ብዙም አይጋርድም፣ ሲረጥብ ደግሞ ይብሳል። ጥቅጥቅ ያለ ፖሊስተር ግን ጥሩ አድርጎ ይጋርዳል። አልቢኒዝም ያለባቸው፣ ማለትም ቆዳቸው ከልደት ጀምሮ ቀለም የሚያንሰው ታካሚዎቼ እጅጌ ረጅም፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ሰፋ ያለ ፖሊስተር እንዲለብሱ አበረታታለሁ፤ ለእነሱ ካንሰር የሩቅ ወሬ አይደለምና።

እኔ የምፈራው እሳቱን ነው። ፖሊስተር በ250 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ የቀለጠው ቆዳ ላይ ይጣበቅና ማቃጠሉን ይቀጥላል። ስስ ጥጥ ነጠላም እሳት ሲያገኘው ቦግ ይላል፣ አልክድም፤ ግን አይጣበቅም። ለትንሣኤ ሌሊት ጧፍ ይዘሽ በሰው መሐል ስትቆሚ፣ ለደመራ ስትጠጊ፣ ምጣድ ጣጂ ሆነሽ ጭራሮ ስትማግጂ ሰፊ የሽፎን እጅጌ አይሆንም። ከያዘሽ ደግሞ የተጣበቀውን አትላጪ፣ ያልተጣበቀውን አውልቂ፣ 20 ደቂቃ ያህል የሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሽበትና ወደ ሐኪም። ቅቤም የጥርስ ሳሙናም እንዳይነካው።

ልብስ ቤት ስለምትሠሪ ምናልባት ከእኔ ይልቅ የምትጠቅሚው ጨርቅ መለየቱ ይሆናል። አንገቱ ላይ ያለችውን ጽሑፍ ሁልጊዜ አትመኛት። ከስፌቱ ውስጥ አንዲት ክር መዘሽ፣ በመቆንጠጫ ይዘሽ፣ የቆርቆሮ ሳህን ላይ ክብሪት ለኩሺባት። ጥጥና ቪስኮስ እንደ ወረቀት ነድደው፣ ወረቀት ወረቀት ሸትተው፣ በጣት የሚደቅ ግራጫ አመድ ይሆናሉ። ሱፍና ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታሉ። ፖሊስተርና ናይለን ከእሳቱ ሸሽተው ይኮማተራሉ፣ ይቀልጣሉ፣ ሲበርድ ጫፋቸው ላይ ጠንካራ ዶቃ ይቀራል። ዶቃው እስኪበርድ በጣትሽ አትንኪው፤ ከላይ ያልኩሽ ነው።

ለቀለሙ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ነጭ የጥጥ ጨርቅ አርጥቢና በገበሩ ላይ በኃይል ሃያ ጊዜ ፈትጊው። ነጩ ላይ ሰማያዊ ጥላ ከወጣ፣ በጥምቀት ዕለት ብብትሽ ላይ የተራገፈው ቀለም ያ ነው። ምንም ባይወጣ ግን ቀለሙ ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ለአለርጂ ዐይን የማያየው ቅንጣትም ይበቃል። በማጠብም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። አለርጂው ከተረጋገጠ ያ ቀሚስ በሌላ ሰው ገላ ላይ ያምራል፤ ወይም ልብስ ሰፊሽ ጥቁር ሰማያዊውን ገበር አውጥቶ ነጭ የጥጥ ገበር ያግባበት፣ እጅጌውንም ያስፋው። ሽፎኑ ከቆዳሽ ከራቀ ብዙ ሰው በሰላም ይለብሰዋል። የአዲስ ዓለም ሸማ ፈትል ልበሺ ብልሽ ደስ ባለኝ፤ ዋጋውን ስለማውቅ ግን ዝም አልኩ።

ሳሙናውን ረሳሁት። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ልብስ በአንድ ባልዲ ታጥቦ በአንድ ባልዲ ነው የሚለቀለቀው፤ ዱቄት ሳሙናው ጨርቁ ውስጥ ይቀርና በላብ ሲረጥብ ቆዳ ላይ ይሟሟል። ውኃ ካነሰ ሳሙናውን ቀንሺ እንጂ ማለቅለቁን አትቀንሺ። ክረምት ላይ ደግሞ ታይትና ፓንት ሳይደርቅ አትልበሺ፤ ሐምሌ ላይ ጭርት የሚበረክትብን አለምክንያት አይደለም።

ለብብትሽ ለአሁኑ ቀሚሱንና ሌላውን ጠባብ ጥቁር ፖሊስተር ለአራት ሳምንት አቁሚ። ማታ ማታ ምንም ያልተቀላቀለበት ቫዝሊን ተቀቢ። ያንኑ የስቴሮይድ ቅባት ብብትሽ ዙሪያ ለአንድ ሳምንት በስሱ ብትጠቀሚ አልከለክልሽም፤ ጭንሽ ላይ ግን አይደርስም። መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ፊትሽ ካበጠ ይህን ጽሑፍ ተዪና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ስትመጪ ቀሚሱን በፌስታል አድርገሽ ይዘሽው ነይ። በውስጥ በኩል ከስፌቱ አልፎ ከተረፈው ገበር ላይ ሁለት ጣት የምታህል ቁራጭ ብቻ ነው የምንፈልገው፤ አርጥበን ጀርባሽ ላይ እንለጥፋታለን፣ በሁለተኛው ቀን አንሥተን እናያለን፣ በአራተኛው ቀን ደግመን እናያለን። በእነዚያ ቀናት ጀርባሽን አትታጠቢም፤ ስለዚህ የበዓል ሳምንት አትምረጪ። ቀሚሱ አይበላሽም፣ ከላይ ምንም አይታይበትም።